ሞተርህን ጋሽ አደራጀው ከፈቱት

ደስዬ፣

የት ሆነህ እንደምትሰማኝ ባላውቅም ልጻፍልህ። አንተን ከሸኘንህ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመልሷል፤ እኔም ለሚያየኝ የተመለስኩ እመስላለሁ። ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ፣ የሰው ቀሚስ ስሰፋ እውላለሁ፣ ሲመሽ ዘግቼ እገባለሁ። ደክሞኛል ደስዬ። የለቅሶ ድካም አይደለም፤ እሱስ ወጥቶልኛል። ሁሉንም ነገር ብቻውን የሚወስን ሰው ድካም ነው።

የቤቱን ልንገርህ። ትርሲት ልጅህ በቁመት በልጣኛለች፤ ስትቆጣ ግንባሯን የምትቋጥረው ቁርጥ አንተን ነው። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አጥር ሆኗል። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ነዳጅ መጣ ሲባል ሰልፉ ማደያውን አልፎ ሰፈር ውስጥ ይገባል። ሚኒባሷን ወንድምህ አበባው ይነዳታል። አዎ፣ ትሄዳለች። ግን እንዴት ለመሄድ እንደበቃች ሳልነግርህ ሰላም አላገኝም። የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

መቼም አትረሳውም። የገዛናት ጊዜ የድሮው ሞተሯ የጋሳይን አቀበት አይችልም ነበር። ከደብረ ታቦር ሞልተህ ትነሳና ግማሽ መንገድ ላይ "ጎልማሶች ውረዱልኝ" ትላለህ፤ ገበሬውም ተማሪውም ወርዶ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ በእግሬ ብመጣ እኮ እስካሁን ደርሼ ነበር" ብለውህ፣ ቤት ገብተህ እህል ሳትቀምስ ተኛህ። በማግስቱ ገና ፊትህን ሳትታጠብ "ትልቅ ሞተር እገጥምላታለሁ" አልከኝ።

ያገለገለ ሞተር ከባሕር ዳር አስጭነህ መጣህ። ከከተማው መውጫ ላይ ጋራዥ ያላቸው መካኒኩ ጋሽ አደራጀው ወሬውን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩና "ይሄን ለእኔ ብትተወው ይሻላል። እሠራለሁ ካልክም ራዲያተሩን አብረህ ቀይር። በዚህች ትንሽ ራዲያተር ይሄን የሚያህል ሞተር አይቀዘቅዝም፤ ይነድብሃል" አሉህ። አንተ ሳቅ ብለህ ሸኘሃቸው። በሩን እንደዘጋህ ወደ እኔ ዞረህ "ሥራ ፍለጋ ነው። የራሴን መኪና ሆድ ለሰው አላስከፍትም" አልከኝ።

ያን ክረምት ሙሉ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። ከቤቱ ጋር በተያያዘው ዳስ ምሰሶ ላይ ሰንሰለት አስረህ ሞተሩን ስትሰቅል ቤቱ የሚናድ መስሎኝ ትርሲትን አቅፌ ጎረቤት ገባሁ። የስፌት ቁርጥራጬ ሁሉ የዘይት መጥረጊያ ሆነ። ሳሙናችን በአንተ ልብስ አለቀ። ከመኪናው ስር ተኝተህ እጅህን ብቻ ታወጣና "አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብይኝ" ትለኛለህ፤ አሥራ ዘጠኙን ከሰጠሁህ ትጮህብኛለህ። ሳላስበው ቁልፎቹን በእጄ ይዤ በክብደታቸው የማውቅ ሆንኩ። አልገጥም ሲልህ ትሳደባለህ፣ ሲገጥም ታንጎራጉራለህ። ያኔ ምርር ብሎኝ ነበር። ግን በትዳራችን እንደዚያ ክረምት ብዙ ያወራንበት ጊዜ የለም።

ለመስቀል ሞተሩ ተነሳ። እኔንና ትርሲትን ጋቢና አስቀምጠህ፣ ኋላው በሰው ጢም ብሎ፣ ያን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ወጣኸው። አንድም ሰው አልወረደም። ጋሳይ ስንደርስ ተሳፋሪው አጨበጨበልህ፤ ፊትህ እንደዚያ ሲበራ በሠርጋችን ቀንም አላየሁም። ከዚያ ከሞተሩ በላይ ያለውን ወንበር አንስተህ ስታይ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። "አዲስ ስለሆነ ነው" አልክና ውሃ ጨመርክበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የውሃ ጀሪካን ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። አቀበቱን በወጣህ ቁጥር ቆመህ ታጠጣታለህ። አንዴ ነዳጁ ነው፣ አንዴ መንገዱ ነው፣ አንዴ ጭነቱ ነው ትላለህ። እኔም አምንሃለሁ።

ዓመታት ቆይቶ ነጭ ጭስ ማውጣት ስትጀምር ያው ራስህ ከፈትካት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታ የምትለውን፣ አውርደህ ማዳበሪያ ላይ አስቀመጥከው። በዚያው ሰሞን ጉበትህ ጣለህ። ባሕር ዳር ወስደን መለስንህ። አልጋህን መስኮቱ ጋ አድርጌልህ ነበር፤ ተኝተህ የምታየው ግቢው ውስጥ የተበተነውን ሞተር ነው። "ለፋሲካ እገጥመዋለሁ" ትለኝ ነበር። አልደረስክም።

ተዝካርህ ካለፈ በኋላ አበባው "ለቁራሌ እንሽጠው፤ ባየነው ቁጥር ከምናለቅስ" አለኝ። እንቢ አልኩ። ጋሽ አደራጀው ጋ እንውሰደውም ሲለኝ እንቢ አልኩ። አንተ ያልወደድከውን እኔ እንዴት አደርገዋለሁ? "ሲሠራ አይቻለሁ፤ እኔና አንተ እንገጥመዋለን" አልኩት። ሱቄን ዘግቼ ቆሻሻ ልብስህን ለበስኩ። አበባው ያነሳል፣ እኔ አስራለሁ። ያስተማርከኝን አንድ በአንድ እያስታወስኩ ገጠምነው፤ ደግሞም ተነሳ! ጎረቤት እልል አለ። እኔ ዘይት በነካ እጄ ፊቴን ሸፍኜ ቆምኩ።

ሳምንት እንኳ አልቆየም። ለጋሳይ ሙሽሮች የሰፋሁትን ልብስ ይዤ ከአበባው ጋር ስሄድ፣ አቀበቱ መሐል ላይ ፈላችና ቀጥ አለች። ዝናብ ነበር። ሰው ሁሉ ወረደ። አንዲት አራስ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና መንገድ ዳር ቆመች። አልተቆጣችኝም፤ አየችኝ ብቻ። ያኔ በቃኝ። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ አደራጀው ጋ ደወልኩ።

ጎትተው ወሰዷት። እቁብ ወጥቶልኝ ስለነበር የሚከፈለው አላስጨነቀኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ገላህን ለባዳ እጅ የሰጠሁ መሰለኝ። ጋራዡ ውስጥ የቢራ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና ሲፈቱ ዋልኩ። ቴስታታውን አውርደው፣ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈውበት ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" አልኳቸው።

"አንቺ አይደለሽም ልጄ። ከሙቀት ብዛት ጠምሟል። የቆየ ነው፤ በምንም ብታስሪው አይገጥምም ነበር።"

"የቆየ ማለት?"

እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር።

"ጋሽ አደራጀው፣ ይንገሩኝ እንጂ። እኔ ነኝ የምሰማዎት፤ ሌላ ማን አለ?"

"ደሳለኝ ጎበዝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ሞተሩን ያስቀመጠበት እጅ ከእኔ እጅ አያንስም። ራዲያተሩ ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ ራዲያተሩ ነው።"

አላፌዙም። ነግሬው ነበር እንኳ አላሉም። እኔ ግን እዚያው ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። የተሳሳትክ መሆንህ አይደለም ያስለቀሰኝ። ቤት ስገባ ብነግርህ "ውሸታቸውን ነው!" ብለህ ተነስተህ እንደማትጮህብኝ፣ እልህ ይዞህ እንደማታኮርፈኝ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ "ራዲያተር የሚሸጥ ሰው ታውቂያለሽ?" እንደማትለኝ ገብቶኝ ነው። ከዚያም ተናደድኩብህ። ብዙ ሳምንት ተናድጄብህ ቆየሁ። ሙት ላይ የተናደደ ሰው ለማን እንደሚናገር አታውቅም ደስዬ። ቄስ ጋም አይኬድበት።

ጋሽ አደራጀው ሌላ ቴስታታ አስመጥተው ገጠሙ፤ ትልቅ ራዲያተርም አስገቡላት። አሁን አቀበቱን ሳትቆም ትወጣለች። ዘይትና ቺንጊያ መቀየሩን እኔና አበባው ግቢያችን ውስጥ እንሠራዋለን፤ ሆዷን መክፈት ሲመጣ ወደ እሳቸው እንወስዳታለን። ማን ትክክል ነበር ለማለት አይደለም። ጉልበቴ የሚችለው ይሄን ያህል ስለሆነ ነው።

ባለፈው ትርሲት ክር እያጠነጠነችልኝ "አባዬ ጎበዝ መካኒክ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ለቅሶ ላይ ሰው የሚለውን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። "በጣም ጎበዝ ነበር። ግን ሰው ሲነግረው አይሰማም" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስለ አንተ እያወራን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው፤ ቤቱ ውስጥ የገባህ ያህል ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይሄ ነው። ለዝክርህ የሚመጣው ሰው እጁ የማይስት፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው አድርጎ ያነሳሃል፤ እኔም አሜን ብዬ አበላዋለሁ። ለብቻዬ የማስታውስህ ግን እንደነበርክ ነው፤ ከነእልህህ፣ ከነጩኸትህ፣ ከነስሕተትህ። አንተን አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ። ስሕተትህንም ከቀበርኩት የሚቀረኝ የማላውቀው ሰው ነው።

ያንተዋ ዘነቡ