ኪቦርዱ ያሰማን የተራራ ድምፅ

ለምወድሽ እህቴ ለሶልቬይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ማኑዌልና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የሊዝበን ሙቀት በረድ አለላችሁ? እማዬም እኔም በጤናችን ደኅና ነን፤ ልባችን ግን አላረፈም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ነፍሱን ይማረውና የሙዚቃ አስተማሪያችን ኦድቫር ድምፅ እየቀዳ በቁልፎቹ የሚያጫውትበትን ኪቦርድ ታስታውሻለሽ፤ ፍየላችንን ያዘፈነበትን። ሚስቱ ቦርግሂል ቤቷን ልትለቅ ስትል ከእሷ ገዛሁት። «ከነዲስኮቹ ወስደህ ገላግለኝ፤ አቧራውን ማራገፍ ሰልችቶኛል» አለችኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሳሎን አስቀምጬ ሰካሁት። ማራገቢያው አጓራ፣ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ። እማዬ ከኩሽና «አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታነድብኝ ነው እንዴ!» ብላ ጮኸች። የኪቦርዱ ትንሿ መስኮት አረንጓዴ በርታ ዲስክ ጠየቀችኝ፤ እጄ የገባውን አስገባሁ። ሲንቋቋ ቆይቶ ጸጥ አለ። አንዱን ቁልፍ ስነካ የጀልባ ሞተር፣ ሌላውን ስነካ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰማሁና ሳቅሁ። ከዚያ በግራ በኩል የመጨረሻውን ተጫንኩ።

ምን ልበልሽ፤ ድንጋይ ከምድር በታች ጥርሱን ሲያፋጭ ይመስላል። ኩሽና ውስጥ ሳህን ተሰበረ። እማዬ ፊቷ አመድ መስሎ በሩ ላይ ቆማለች።

«አጥፋው» አለችኝ። «ኦድቫር ይህን የቀዳው ከቤታችን ሥር፣ ድንች ማስቀመጫው ውስጥ ነው። በሳምንቱ ናዳው ወርዶ የታችኛውን መንደርና አባታችሁን በላ።» ቀጥላም «ረቡዕ ለት ድንች ላወጣ ስወርድ ይኸው ድምፅ ነበር። የውኃ ቧንቧ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ» አለች።

ጎረቤታችን ሽማግሌው ክኑት ሲሰማ «ኦድቫር ሞቶም አላስተኛን አለ! አንተም ከእናትህ ጋር ማርጀት ጀመርክ?» ብሎ አሾፈብኝ። ቢሆንም ድንች ማስቀመጫው ውስጥ አብሮኝ ወረደና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሲወጣ አልሳቀም። ቀጥታ ሄዶ በጎቹን ጀልባ ላይ መጫን ጀመረ። ተራራውን ለሚከታተሉት ሰዎች ብንደውልላቸው «መሣሪያችን ምንም አላሳየም፤ ቢሆንም የሚያይ ሰው እንልካለን» አሉን። እኛ ግን ሰው እስኪመጣ አልጠበቅንም፤ ከባሕሩ ማዶ አክስታችን ጉድሩን ዘንድ ተሻገርን። መንደሩ ውስጥ የቀረ ሰው የለም፤ ሁሉም እየተሳደበም ቢሆን ወጥቷል።

ዛሬ ጠዋት ከመንደራችን በላይ ካለው ግጦሽ አቧራ ሲነሣ አየን፤ ነፋስ የሚባል የለም። ክኑት የቀሩትን በጎች ላምጣ ብሎ ተመልሷል፤ ብንለምነው አልሰማንም። ጀልባው በመንደራችን በኩል ታስራ ከዚህ ትታያለች፤ እሱን ግን እስካሁን አላየነውም።

ማኑዌልን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ኢኔስን ግንባሯን፣ ትንሹን ሩይን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። አክስታችን ጉድሩን በጣም ናፍቀሽኛል ትልሻለች። የእማዬንም ሰላምታ ልጽፍልሽ ምን ልበላት ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ እሷ ግን መስኮቱ ላይ ቆማ ጀልባዋን እያየች ነው።

ወንድምሽ አርንፊን
ሄልቪካ ማዶ፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.