አለኸኝን ያሳቀው ፊልም

ልጄ ሰብሌ፣ ባለሽበት አገር እመቤቴ ከክፉ ትሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

እሑድ ወንድምሽ አለኸኝ ከመካነ ሰላም መጥቶ አስቂኝ ፊልም በስልኩ አሳየኝ። በልጅነታቸው የተለያዩ እህትና ወንድም ጎን ለጎን ቤት ተከራይተው፣ ሳይተዋወቁ በልብስ ማስጫ ገመድ ይጣላሉ። እሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"እነሱስ አይተዋወቁም! አንተ እህትህን እያወቅሃት ካኮረፍካት ሁለት ዓመትህ!" ብዬ ጮህኩበት።

"እሷ ትደውላ፣ እምዬ" አለኝ። አንቺም "እሱ ይደውል" ትያለሽ። መሃል ላይ እኔ ተቃጠልኩ!

ሊሄድ ሲነሳ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ "ቁጥሯን ቀየረች እንዴ? ስደውል አይሠራም" አለኝ። አዲሱን እንዳልሰጠው ስላስማልሽኝ ሳልነግረው ሸኘሁት። እባክሽ ልጄ፣ "ስጪው" በይኝ። አምላክ ልብሽን ያራራልኝ።

እናትሽ የትምወርቅ