አሚን ያልኩበት ስብሰባ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናችሁ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሲነሱም ሲቀመጡም ወይኔ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን።

ከሁሉ በፊት የጎረቤቴን የሙልኪን ልንገርሽ፣ በደወልሽ ቁጥር የምትጠይቂኝ እሷን ነውና። የሐሞት ጠጠሯ ወጥቶላት ከሆስፒታል ተመለሰች። ሐኪሙ ቅባት እንዳትነኪ ቢላትም ስፌቷ ሳይደርቅ የግመል ሥጋ አምጡልኝ ብላ ቤቱን አመሰችው። ትልቋ ልጇ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ወለደች። ሙልኪ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ‹እሷ ልጅ፣ እኔ ድንጋይ፣ ሁለታችንም ተገላገልን› እያለች ጠያቂውን ሁሉ ታስቃለች። እኔ ብቻ ነኝ ሰሞኑን መሳቅ ያቃተኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ልጄ ሰልዋ ትሰማለች። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እየሰረቀች ወደ ወረቀቱ ታያለች፤ ግን የተማረችው በሶማሊኛ ነው፣ የእኛን ፊደል አታነብም። ስለዚህ እንደ ልቤ ልጻፍ። እህቴ፣ ሰው አስጠላኝ። ዋሄን ገበያ ሄጄ ሰልባጄን ዘርግቼ ደንበኛ ‹ስንት ነው?› ሲለኝ እንኳ ፊቱን ማየት ቀፎኛል።

አባቷ እንደሞተ፣ ነፍሱን ይማረው፣ እዚህ ሰፈራችን ሼክ ኑር ያለው ትምህርት ቤት ሞልቷል ብሎ ሲመልሰኝ ምን እንዳደረግን ታውቂያለሽ። ሙልኪ ሰልዋን እጇን ይዛ፣ ከተማ መሃል ወንድሟ ሰፈር ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወስዳ ‹የእኛ ልጅ ናት› አለች፤ አለቀ። እዚህ በሰው አገር ‹የእኛ ናት› የሚልሽ ሰው ካለ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ልጅቷም አላሳፈረችን፣ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። እርግጥ ትምህርት ቤቱ ተጨናንቋል፣ አልዋሽም። ለሁለት ልጅ የተሠራ ወንበር ላይ አራት ይቀመጣሉ፣ የተረፈው ማዳበሪያ አንጥፎ መሬት ላይ። ሽንት ቤቱንማ አታንሺው፤ ሰልዋ እዚያ ላለመግባት ጠዋት ውኃ አትጠጣም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ወላጆች ስብሰባ አስጠሩ። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ልጆች ይቆዩ ወይስ ይውጡ ነው ነገሩ። ሽንት ቤቱ ይሠራ፣ ክፍል ይጨመር ያለ አንድም አልሰማሁም። አንዱ ሽቶ የተርከፈከፈበት ሰውዬ ተነስቶ ‹ልጄ ቅማል ይዞ መጣ፣ ቅማሉ የእኛ ሰፈር አይደለም› አለ። ቅማልም መታወቂያ አለው ለካ! ዳሚ ከሚባለው ሰፈር የመጣ አንድ አባት ደግሞ ‹በምርጫ ጊዜ ዳሚ ሩቅ አልነበረችም፣ በር ድረስ መኪና ልካችሁ ነበር የወሰዳችሁን፤ ለልጄ ወንበር ሲሆን ነው የራቀችው?› ቢል ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንጀቴን አራሰው።

ከዚያ ማን ብትነሳ ጥሩ ነው? ሂባቅ! ታስታውሻታለሽ፣ በግድግዳ የምትዋሰነን የነበረችው፣ አንቺ እዚህ በመጣሽ ጊዜ ‹የእህቴ እህት› እያለች ስትስምሽ የከረመችው። ልጆቿ ከሰልዋ ጋር በአንድ አውቶቡስ ከሼክ ኑር ነበር የሚመላለሱት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ቤት ተከራየች፤ ዕቃዋን እንኳ ፈትታ አልጨረሰችም። ‹የሰፈራችን ልጅ መሬት ተቀምጦ እንግዳው ወንበር አይሞቅም፣ ሁሉም ወደ መጣበት!› አለችልሽ። ‹ሰፈራችን› ስትል ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። እኔን አይታኛለች፤ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ዝንብ እንዳየች ሁሉ ዞር አደረገችው። አፌ እሬት እሬት አለኝ።

የምናገረውን በሆዴ ደርድሬ፣ ጅልባቤን ሰብስቤ ልነሳ ስል የሰፈሩ ሽማግሌ አው አቦኮር መዳፋቸውን ከፈቱ። ዱዓ ሲደረግ ማን ያወራል? ቁጭ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ለዝናቡ ለመኑ፣ አሚን። ለሞቱት፣ አሚን። ለታመሙት ሲሉ ሙልኪን እያሰብኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን። ከዚያ በዚያው ዜማ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ ‹የሰፈሩ ልጅ በሰፈሩ ይማር፣ ከውጭ የመጡት ከፈተና በኋላ ወደየሰፈራቸው ይመለሱ ያልነውን አላህ ያጽናልን› አሉ። አሚን። አፌ ነው ያለው እህቴ፣ ልቤ ገና ሙልኪ ጋ ነበር። የገባኝ ፊቴን በመዳፌ ካበስኩ በኋላ ነው። የዳሚው አባት ብቻ እጁን ሳይዘረጋ ወጣ። የሙልኪ ወንድምስ? ፊት ተቀምጦ ከሁሉም አስበልጦ አሚን እያለ ሲጮህ ነበር፤ ሰልዋ ‹የእኛ ልጅ ናት› የተባለችው በእሱ ቤት ስም ነበር እኮ!

አስተግፊሩላህ፣ ዱዓውን አይደለም የጠላሁት። ልጅ ማባረሪያውን ለሙታን በሚለመን ልመና መሃል የሸጎጡበትን ነው። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ለመንኩት። ‹ኤዶ፣ በዱዓ የታሰረውን ማን ይፈታዋል? አንቺም አሚን ስትዪ አይቼሻለሁ› አለኝ። ኤዶ አክስቴ ማለቱ ነው። አክስት ተብሎ እንዲህ መሸኘት ያስጠላል፤ ስሜን ጠርቶ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሙልኪ ስነግራት ‹አንቺ ሴትዮ፣ ሲቀብሩሽም አሚን ትያለሽ!› ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ስፌቷን ይዛ አለቀሰች። ወንድሟ ቢደውል ከዚያ ወዲህ ስልኩን አታነሳለትም።

አንቺስ ጅግጅጋ እንዴት ነው? የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት አሁንም በሶማሊኛ ያስተምራል? ከቤትሽስ በእግር ይደረሳል? ትልቁ ልጅሽ ካገባ ወዲህ ያቺ የጓሮ ክፍል ሰው ይተኛባታል ወይስ ዕቃ አስገባሽባት? ሰልዋ እኮ አታስቸግርም። ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ትሰፋለች፣ ጎመን ብቻ ነው የማትወደው። እንዲሁ ወሬ ነው፣ ልብ አትበይው።

የዛሬን እንግዶቼን ነግሬሽ ላብቃ። መጀመሪያ የመጣችው ሂባቅ ናት፣ ብስኩት ይዛ። ‹ክፉ አታስቢኝ፣ እኔንም አዲስ መጤ ናት ብለው እንዳይነቁብኝ ፈርቼ ነው› አለችኝ። ብስኩቱን መልሼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት፤ ‹አንቺ ስትቀመጪበት የሚሞቅ ወንበር አይጥፋ› ብዬ ሸኘኋት። ቀጥሎ ሙልኪ በልጇ ትከሻ ተደግፋ መጣች። ሰልዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን እንደ ሕፃን ጎነጎነችላት። የድንበሩ ሾፌር ዒሴም ደብዳቤውን ሊወስድ ጎራ ብሎ ነበር፤ አላለቀም፣ ነገ ማለዳ ና አልኩት። ከፈተና በኋላ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ውጫሌ እንደሚሄድና ፊት ወንበር እንደሚይዝልኝ ነግሮኝ፣ ‹ሁለት ሰው ነው የምትሆኑት?› አለኝ። አንድ፣ ሻንጣዋ ትንሽ ናት አልኩት።

ሰልዋ ለካ ቤት ሥራዋን ትታ ታዳምጥ ኖሯል። ‹እማ፣ የአክስቴ ሰፈር ትምህርት ቤት ሲሞላ ማንን ነው የሚያስወጡት?› አለችኝ። እኔ ለዒሴ ውኃ ልቅዳለት ብዬ ተነሳሁ።

አላህ ቤትሽን ሰፊ ያድርግልሽ፣ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ከልጆችሽ አይለይሽ።

እህትሽ፣ የሰልዋ እናት