ካርዱ የጠየቀኝ ስም

ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ለወይዘሮ ባንቺአየሁ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የመሐል ሜዳ ውርጭ ዘንድሮ በጊዜ ገባ ሲሉ ሰማሁ። የላኩልሽን ወፍራም ካልሲ ለሰው ሰጥተሽው እንደሆነ ይህን የሚያነብልሽ ጳውሎስ ይናገር፤ አይዋሽልሽ። ላሚቱስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጤናዬም ሥራዬም አልጎደለብኝም።

ዛሬ የምጽፍልሽ የደበቅኩሽን ነገር ልናዘዝ ነው። እኔና ንጋቱ ዐሥራ አራት ወር ሙሉ ተኳርፈን ነበር። በስልክ ወንድምሽ እንዴት ነው ስትይኝ ደኅና ነው ያልኩሽ ሁሉ በግምት ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። ለአባባ አርባ መጥቼ ስመለስ፣ የበኩር ልጅ ሆኖ ገንዘብ ብቻ ልኮ መቅረቱ አንገብግቦኝ ነበርና፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «ገንዘብ ለቅሶ አይደርስም» አልኩት። በወሩ ፓሳዴና በሚባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። እኔ እዚሁ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ከሩመይሳ ጋር ክፍል ተጋርቼ ቀረሁ። ሩመይሳ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባንዱ አስተናጋጅ ናት፤ ቀልደኛ የወሎ ልጅ፣ ልቧ ግን ወርቅ።

ሽማግሌ ሳይገባ ያስታረቀን አንድ ካርድ ነው ብልሽ ትስቂያለሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። አረጋውያንን የምንከባከብበት ድርጅት ደመወዝ በእጅ አይሰጥም። ባንክ ስሄድ ደግሞ በስምሽ የመጣ የቤት ወረቀት አምጪ አሉኝ፤ ያኔ የምኖረው ንጋቱ ቤት ነው፣ ምን ላምጣ? ስለዚህ እሱ በመጣሁ በሳምንቴ መድኃኒትና ሳሙና ከሚሸጥበት መደብር፣ ከማስቲካው አጠገብ የተሰቀለ ካርድ ገዛልኝ። አንቺ ስልክሽን እንደምትሞዪው ይሞላል። ገንዘቡን ለሒሳብ ተቀባይዋ ትሰጫታለሽ፣ እሷ ካርዱ ላይ ትጨምርልሻለች። ደመወዜም በቀጥታ እዚያው ይገባል፤ በሱ እሸምታለሁ፣ ኪራዬንም ከሱ አወጣለሁ። በየወሩ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል፤ ሆዳም ነው፣ ግን እስከዛሬ ከድቶኝ አያውቅም። ያኔ እንግሊዝኛዬ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» አያልፍም ነበርና ቅጹን የሞላልኝ ንጋቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የካርዱ ጊዜ አለቀና አዲስ በፖስታ መጣልኝ። ተደውሎ ማንነት ካልተረጋገጠ አይሠራም። የሁለት ሳምንት ደመወዜ እዚያ ውስጥ ነው፣ ኪራይ ደግሞ ሰኞ ይከፈላል። ሩመይሳ «ኮል አድርጊ፣ ወዲያው አክቲቬት ያደርጉልሻል፣ ኢዚ ነው» አለችኝ። ስደውል ያነሳችው ሴት የልደት ቀኔንና አድራሻዬን ጠይቃ ስታበቃ፣ እናትሽ ከማግባቷ በፊት የነበራትን ስም ንገሪኝ አለች። እዚህ አገር ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትወስድ፣ የፊተኛውን ስም ባዳ አያውቀውም ብለው ለምስጢር ይጠይቁታል። የኛ አገር ሴት በአባቷ ስም ተወልዳ በአባቷ ስም ትቀበራለች፣ ይሄማ ምን ይከብዳል ብዬ ባንቺአየሁ አልኳት። አይደለም አለችኝ። ከነአባትሽ ስም ደገምኩላት፤ አሁንም አይደለም። አንድ ዕድል ቀርቶሻል፣ ከተሳሳትሽ ካርዱ ይዘጋል፣ ወረቀትሽን በፖስታ ልከሽ ሳምንታት ትጠብቂያለሽ ስትለኝ ደንግጬ ስልኩን ዘጋሁት። በዚህ ዕድሜዬ የእናቴን ስም የማላውቅ ልጅ ሆንኩልሽ።

ሩመይሳ «ሶ፣ ፎርሙን የሞላው ብራዘርሽ አይደል እንዴ? ደውይለታ!» አለች። ኩራቴ ይዞኝ ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ደወልኩ። «ሰጊዬ» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። እኔ ክፉዋ ግን ሰላም እንኳ ሳልለው፣ ካርዱ ላይ የእማዬን ስም ማን ብለህ ነው የሞላኸው? አልኩት። «ካሰች» አለ።

ካሰች ማናት? አልኩ። እሱም ነገረኝ። እናትሽ፣ አያቴ፣ ስታጣጥር እሱ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እኔ ጡት አልተውኩም። ካሰች፣ ካሰች እያለች ስትጣራ ጠያቂው ሁሉ መቃዠቷ ነው ሲል፣ አንቺ ከጓዳ ወጥተሽ እጇን ያዝሽ። ከአንቺ በፊት የሞተባትን ልጅ ስለካስሻት ያንን ስም ያወጣችልሽ እሷ ናት። ባንቺአየሁ ያለችሽ አማትሽ ናት፣ ስትዳሪ። የአጎቴ ሚስት በሙሽርነቷ አዲስ ስም ሲወጣላት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቴም አንድ ቀን ሙሽራ ነበረች ብዬ እንዴት አላሰብኩም? ንጋቱ መቼም ታውቂዋለሽ፣ የተጠየቀውን ሳያዛንፍ የሚመልስ ሰው ነው። ከማግባቷ በፊት ሲሉት ከማግባትሽ በፊት የነበረውን ጻፈ።

ለምን አልነገርከኝም ስለው «አልጠየቅሽኝማ» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ አባባ ሲያርፍ ለምን እንዳልሄድኩም አልጠየቅሽኝም አለኝ። እማዬ፣ እንድነግርሽ ፈቅዶልኛል፤ የንጋቱ የመኖሪያ ወረቀት እስከዛሬ አላለቀም። ከዚህ አገር ከወጣ መመለስ አይችልም። አለቀልኝ ያለን እንዳንጨነቅበት ነው። የአባባን መርዶ የሰማ ቀን ብቻውን በሩን ዘግቶ ሲያለቅስ አድሮ ሥራ ገባ፤ እኔ ደግሞ ከአርባው መጥቼ ያንን ቃል ወረወርኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመልሰው ነገር። ይቅር በለኝ እያልኩ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቅኩ፣ እሱም አለቀሰ።

ቅዳሜ በባቡርና በአውቶቡስ መጣ። ጺሙ ሸብቶ አባባን መስሏል። አብረን ተቀምጠን ደወልን፣ ስምሽንም ተናገርኩ፤ ሴትዮዋ ትክክል ነው አለች፣ ካርዱም ተከፈተ። ኪራዬን ከፍያለሁ፣ አታስቢ። አሁን የቀረኝ ያንቺ ይቅርታ ነው።

ለእትዬ ኢትዮጵያ፣ የጎረቤት ደግ፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለዕንቁ፣ እናቴን እንደ እናቷ ለምትጦርልኝ ምራትሽ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ትንሹን ልጇን ተስፋን ጉንጩን ሳሚልኝ። ንጋቱ ጉልበትሽን ይስማል። ጳውሎስ ወንድሜ፣ አንተን ለመጨረሻ ያስቀረሁህ ሥራ ስላለብኝ ላንተ ነው። ከአያታችን ወዲህ እማዬን በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም። እዚህ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጥና ፊቷን እያየህ፣ ስለ ሦስታችንም ሆነህ፣ ካሰች ብለህ ጥራልን።

እማዬ፣ አቤት በይ።

ልጅሽ ሰገነት
ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2007 ዓ.ም.