ስለ ጥራዝ ቤቱና ስለ አባታችን ትንሽ ጣት

ዛሬ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ የሟቹ የመጽሐፍ ጠራዥ ሴት ልጅ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ ማንም ሳያስገድደኝ ማንም ሳያባብለኝ፣ በጥራዝ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። ውል ጸሐፊው ለማረጋገጥ ብሎ ቀኑን ጠየቀኝ፤ መለስሁለት። እኔም ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ትንሽ አሰበ። ሐሙስ ዕለት ሐኪሞች ልቤን ሊከፍቱት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ደስተኛ መሆኔ ይጻፍልኝ። ምክንያቱን በቦታው እናገራለሁ።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። የአባቴ እኅት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፤ ታላቅ ወንድሜ፤ ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ። ምስክር ወራሽ መሆን እንደማይችል ጸሐፊው የነገረኝ ዕለት ነው ወንድሜን በምስክርነት ያስጠራሁት። በዚህ መንገድ ምንም አይወስድም፤ አልሰማሁም ማለትም አይችልም። ገጾቹ አራት ናቸው። በየግርጌው አሻራዬ አለ፤ ባዶው ቦታ ሁሉ በቀይ መስመር ተሰርዟል። አምስተኛ ገጽ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ።

አንደኛ፣ ግራጫው ካፖርቴ ለወንድሜ ሚስት ይሰጥ። ሠላሳ ዓመት ስትጠረጠር የኖረች ሴት ሙቀት ይገባታል። ወንድሜ ኪሶቹን በመፈተሽ እንዳይደክም እኔ ቀድሜ ፈትሻቸዋለሁ፤ ባዶ ናቸው።

ሁለተኛ፣ በዚህ ቤት ያለኝ ግማሽ ድርሻ፣ መጭመቂያውና የወረቀት መቁረጫው ጭምር፣ ለአንዲት ልጄ ነው።

እዚህ ላይ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። የጠረገበትን አውቃለሁ። የአባታችን ኑዛዜ፣ ቤቱ “ትንሿን ጣቴን ለወረሰ ዘሬ ብቻ” ይተላለፍ ይላል። የአባታችን ትንሽ ጣት የጎረቤቷን ወሬ እንደምትሰማ ሁሉ ወደ ቀለበት ጣቱ ያዘነበለች ነበረች። የእኔም እንደዚያው ናት፤ የወንድሜም። በቤታችን የሕፃን መልክ ማንም አያይም፤ እጅ ነው የሚታየው። ልጄ የተወለደች ቀን ወንድሜ እንኳን ደስ ያለሽ ሳይል እጇን ከመጠቅለያው አወጣ። ቀጥ ያለች ናት አለ፤ ከዚያ፣ ልጃችሁ በወሊድ ክፍል ተለውጣ እንዳይሆን ለማለት ያህል፣ አውቶቡስ ሾፌሩን ባሌን ቀና ብሎ አየው። ለራሱም አልሳሳም። የገዛ ወንድ ልጁ ቀጥ ያለች ጣት ይዞ ቢወለድ፣ እስከ ዛሬ “የሚስቴ ልጅ” እንጂ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ባለፈው ወር ልጄ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና ለአልትራሳውንድ ስንሄድ ሳይጠራ ተከተለን። ባለሙያዋን የፅንሱን ትንሽ ጣት ወዲህ አዙሪልኝ ብሎ ያዛት። እሷም የሰው እጅ በማኅፀን መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ዝርግ ሆኖ እንደሚወጣ፣ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ጣቶቹ እንደሚለያዩ በትዕግሥት አስረዳችው። እሱ የፈለገው ማስረጃ ነው፤ ትምህርት መች ፈለገ። ፅንሱ ጨብጧል፤ ሩብ ሰዓት ጠበቅን፣ አልከፈተም። ወንድሜ ወደ እኔ እያየ፣ መደበቁን ከአያቱ ነው የተማረው አለ።

በንዴት ስወጣ ደረጃ ስቼ ወደቅሁ፤ እጄ አበጠና ራጅ ተነሣሁ። የራጁ ባለሙያ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ ሲያይ ቆየና፣ የወለምታው ነገር ቀላል ነው፣ ይቺን ትንሽ ጣት ግን ማን አሰራት አለኝ። ከዘር የጠመመች ጣት መካከለኛ አጥንቷ አጭር እንደሚሆን ነገረኝ፤ የእኔ ሙሉ ነው፤ የጠመመው መገጣጠሚያው ብቻ ነው። በቀጥታ እናቴን ወዳዋለዱት አክስቴ ሄድሁ። አልካዱም።

“አባትሽ በር ላይ ቆሞ እጇን አሳዩኝ ይላል፤ እናትሽ ታለቅሳለች” አሉኝ። “ሕፃን ጨብጦ ነው የሚወለደው፣ እስክትከፍት ጠብቅ አልኩት። እስክትከፍቺ ድረስ ትንሿን ጣትሽን አዘንብዬ በጥራዝ ክር አስሬ ጨረስኩ፤ ጠማ እስክትቀርም ወራት ሙሉ ማታ ማታ አሰርኳት።”

አሥረኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህራችን እንዳስተማሩን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንደ ተወረወረ ሳንቲም ነው፤ አንዱ ያገኛል፣ አንዱ ይስታል፤ የሳተው ደግሞ ያላገኘውን አያወርስም። እኔ ራሴ ቀጥ ያለች ጣት ይዤ ከተወለድሁ ልጄ ጠማማዋን ከየት ታምጣ? ደስታዬ ይኸው ነው። ባሌ ይህን ሳይሰማ ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ ልጃችን ስትተኛ ግን እጇን ገልጦ ሲያይ አይቼዋለሁ።

ይህን ሳስጽፍ ወንድሜ ተነሣ። “እንግዲያው አንቺም የአባቴ ልጅ አይደለሽም። ቤቱ የኔ ነው፤ ጻፍ” አለው ጸሐፊውን።

“አንተ ልጅ” አሉት አክስቴ፣ “እጅህን ከኪስህ አውጣ። የሷን ያሰርኩት እጄ ከለመደ በኋላ ነው። የተለማመድኩት ባንተ ነው።”

ወንድሜ ውሸት ነው አለ።

“ጣቱን ሁለታችሁም አልወረሳችሁም። ጥርጣሬውን ግን ፍርፋሪ ሳታስቀሩ ወርሳችኋል፤ የወንድሜ ልጆች ለመሆናችሁ እኔ ሌላ ማስረጃ አልጠይቅም።”

እኔም እንዲጻፍ ያዘዝሁት ይህን ነው፤ የአባታችን ቃል ይጽና ከተባለ ሁለታችንም ከቤቱ እንወጣለን፤ ይቅር ከተባለ ልጄ ግማሿን ትወስዳለች። ወንድሜ ይምረጥ።

ሦስተኛ፣ የልጄን ልጅ እጅ ለመሳምና ለመያዝ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳያይ አዝዣለሁ።

ወንድሜ ራጅ ሳልነሣ አልፈርምም ብሎ ወጣ። የሌላ ሰው ፊልም ይዞ እንዳይመጣ ፋርማሲስቱን አስከተልሁት። ሰባት ሰዓት ላይ ፖስታውን በብብቱ ይዞ ተመለሰ። ፋርማሲስቱ ሊናገሩ ሲሉ ፊቱን አይተው ተዉት። ጸሐፊው ውጤቱ ይመዝገብ ወይ ቢለው ገጾቹን ወደ ራሱ ሳበ። አራቱንም ገጽ አንብቦ ሦስተኛው ተራ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

“እዚህ ላይ፣ ‘የልጄም ልጆች’ ብለህ ጨምር።”

“የማን ልጅ ልበል?” አለ ጸሐፊው።

“የኔ” አለ። “የኔ ልጅ።”

ከዚያ ፈረመ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ቃሌ ስለመሆኑ በጤናማ እጄ ፈርሜአለሁ፦ ተናዛዥ።
ሰምተን አይተን ፈርመናል፦ አክስት፤ ፋርማሲስት፤ ወንድም።
በሦስተኛው ተራ “የወንድሜ ልጅ ልጆችም” የሚለው የተጨመረው ከሌሎቹ ቃላት በኋላ ነው፤ ስርዝ ድልዝ አይደለም፤ ወንድሜ በገዛ ፊርማው አረጋግጦታል።