የደሴቷ ምርጫ በግምጃ ቤት ከተማ

ይበልጣል ባለቤቴ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ፈረስህ አዘና ከተማ፣ ወንድምህ ዘንድ ነው፤ ደልቧል። የተከልኸው አፕል ዘንድሮ አፈራ፤ እንደ ቀልድህ ኮምጣጣ ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጅባራ በሚኒባስ ትመጣለች።

የታሪክ ክፍለ ጊዜህን ደግሞ እኔው ያዝኩት። ምትክ ስለጠፋ ርዕሰ መምህሩ ለእኔ ለሒሳብ አስተማሪዋ ሰጠኝ። ሳቅ እንግዲህ!

የዚያችን በቅኝ ግዛት ዘመን ለሕግ አውጪ ምክር ቤቷ ተወካይ የመረጠች ትንሽ ደሴት ታሪክ እንዳንተው በባቄላ አስተማርኩ። ለሁለት ተወዳዳሪዎች ሁለት የቀርቀሃ ቅርጫት፣ ለየተማሪው አንድ ባቄላ፤ ከተጋረደው ጋቢ ጀርባ እየገቡ ጣሉ። ከዚያ የዝናብ ካፖርትህን ለብሼ ከባሕር ማዶ የተላከው ገዥ ሆንኩ። እንደ ታሪኩም የተመረጠችውን ሽሬ የተሸነፈውን ሾምኩ።

በየዓመቱ እዚህ ላይ የተሸነፈው ልጅ የተወካዩ ወንበር ላይ ጉብ ይላል፤ ክፍሉም «ሹመት ያዳብር!» ብሎ ይስቃል። አንተ ከፍቶህ ትመጣለህ። አንድ ልጅ እንኳ እምቢ ሲል ባየሁ ትለኝ ነበር። እኔም፣ ወንበር አግኝቶ እምቢ የሚል ልጅ ከየት ይመጣል ብዬ እቀልድብህ ነበር። ታመህ አልጋ ላይ ሆነህም ይህንኑ ታነሣው ነበር።

ዘንድሮ የተሸነፈው የባለ ጋሪው ልጅ አንተነህ ነው። ያሸነፈችው ከቆላ ሰፈራ መጥታ የምትማረው ዘሃራ። ስሾመው ተነሣ፤ ሊቀመጥ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩለት። እሱ ግን ወንበሩን ተሸክሞ ዘሃራ ፊት አስቀመጠውና፣ ቲቸር፣ እኔን አልመረጡኝም፣ በሷ ወንበር እንዴት ብዬ ልቀመጥ አለኝ።

የሳቀ የለም። ለእሱ ባቄላ የጣሉት ሳይቀሩ አንድ በአንድ እየተነሡ ቆሙ። በየቀኑ እርሳስ ጠፋብን እያሉ የሚነተርኩኝ ልጆች ናቸው፤ ፈራኋቸው፣ ይበልጣል። እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅ።

ከዚህ በኋላ ገዥው ምን እንደሚል አላስተማርኸኝም፤ እዚህ ድረስ ተደርሶ አያውቅማ። ካፖርቱን አውልቄ እኔም ከነሱ ጋር ቆምኩ።

መቃብርህ ድረስ መጥቼ ልነግርህ አስቤ እንባ ይቀድመኛል ብዬ ጻፍኩት። በሕይወት እስካለሁ የዚያን ልጅ አነሣሥ አልረሳውም። አንተ ሳታየው ሄድህ፤ እኔ አይቼልሃለሁ።

ያንተው ዓለሚቱ