ገጀራ በአባዬ የእጅ ቦርሳ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለናትናኤል፤ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ሙዛችንም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

አባዬ ሰኞ ወደ አንተ ሳይበር የቀረው አውሮፕላኑ ቀርቶ አይደለም። ልሸኘው አብሬው ኤርፖርት ገብቼ ነበር። የእጅ ቦርሳው በፍተሻው ማሽን ሲያልፍ ፈታሿ ደንግጣ ቆመች። ከፍታ ያወጣችው በጋቢ የተጠቀለለ፣ አዲስ የተሳለ ገጀራ ነው!

«አባባ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለልጄ ሸንኮራ ልልጥለት ነዋ!» አላት እየሳቀ። «ናትናኤል ይባላል። ጥርሱን እየቀየረ ስለሆነ ራሱ መላጥ አይችልም።»

እሷም ሳቀችና ወደ እኔ ዞራ «ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። አርባ ሊሞላህ ነው ማለት አቅቶኝ ገጀራውን መልሼ በጋቢው ጠቀለልኩት። አባዬ ያለ ገጀራው አልሄድም ስላለ ይዤው ተመለስኩ። እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

በሚመጣው ሳምንት አባዬን እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለባለቤትህ ለአርሴማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጌታ በሰላም ያገናኘን። ቦሌ ስትቀበለን ግን ከሩቅ አትጥራው። ቀረብ በልና መጀመሪያ ስምህን ንገረው።

እህትህ እሌኒ፣
ከአርባ ምንጭ